አቋምን ማለዘብና እውነትን መሸፈን

በሰው ልጅ የኑሮ ሥርዓት ውስጥ ማለዘብ የሚባለው ሥራ ከጥንት ጀምሮ የተመሰገነ ነው። ቆዳ በብዙ ድካም ካልለፋ ለጠፍርም ለመጫኛም አይሆንም፤ ማረሻ በእሳት ግሎ ካልለዘበ በመዶሻ አይቀናም፤ ሰውም ልቡ ካልለዘበ ከጎረቤቱ ጋር አይኖርም። ዳሩ ግን በዚህ በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ሥራዎች አሉ። አንደኛው ሰው የራሱን እልክና የጠነከረ አቋሙን ማለዘቡ ነው። ሁለተኛው በሕዝብ ላይ የደረሰውን ወይም ሊደርስ ያለውን መከራ በለስላሳ ቃል ሸፍኖ ማለፉ ነው። የፊተኛው ብልኅነት ሲሆን የኋለኛው ስንፍና ነው፤ አንዳንድ ጊዜም ከስንፍና የባሰ በደል ይሆናል። ሁለቱ መልካቸው ስለሚመሳሰል፥ በሕዝብ አስተዳደር ላይ የተቀመጠ ሰው ዘወትር እየለየ ካላያቸው፥ ሊለዝብ በሚገባው ላይ እየጠነከረ፥ ሊጠነክር በሚገባው ላይ እየለዘበ መኖሩ አይቀርም።

ለዚህ የጥንቱ ታሪክ ሁለት ምስክር ያቆማል። የሰሎሞን ልጅ ሮብዓም በነገሠ ጊዜ ሕዝቡ በሴኬም ተሰብስቦ አባቱ የጫነበትን ቀንበር እንዲያቀልለት ለመነው። ሽማግሎቹ መልካም ቃል እንዲመልስ መከሩት፤ አብሮ አደጎቹ ግን ከአባቱ ይልቅ እንዲያከብድ መከሩት። እርሱም የእነዚህን ምክር ስለ ሰማ ከአንድ ነገድ ሕዝብ የሚበልጠውን፥ አሥሩን ነገድ አጣ። በሌላ በኩል ነቢዩ ናታን ዳዊትን ሊገሥጽ በገባ ጊዜ ነገሩን በአንዲት በግ ምሳሌ አለዝቦ ጀመረ፤ ፍርዱን ግን አላለዘበም፤ በመጨረሻው ጥፋተኛው ራሱ ንጉሡ መሆኑን ፊት ለፊት ነገረው። ከሁለቱ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው፤ አነጋገር ይለዝባል፥ አቋምም ይለዝባል፤ የነገሩ እውነት ግን በስሙ ይጠራል።

የኢትዮጵያም የሽምግልና ልማድ በዚሁ መሠረት ላይ የቆመ ነው። ደም የተቃቡ ወገኖች ሲታረቁ፥ ሽማግሎች የተበዳዩን ወገን ቁጣ ያበርዳሉ፤ የበዳዩንም ኩራት ዝቅ ያደርጋሉ፤ ካሣው በመጠን ይሆናል፤ በቀሉም ይቀራል። ነገር ግን በዳዩ ድንጋይ ተሸክሞ በተበዳዩ ፊት ሲወድቅ፥ ጥፋቱን ካላመነ እርቁ አይጸናም። ግድያውን አለመግባባት ብሎ የሚያልፍ ሽማግሌ ቢገኝ፥ ያስታረቃቸው ሰዎች ዳግመኛ ደም ለመቃባት ብዙ ጊዜ አይፈጅባቸውም። ነገርን ከሥሩ፥ ውኃን ከጥሩ የተባለው ስለዚህ ነው።

ይህን ነገር በአዲስ አበባ ከተማ ከመርካቶ ይልቅ አጉልቶ የሚያሳይ ስፍራ ማግኘት ያስቸግራል። መርካቶ ራሱ በለስላሳ ስም ተሸፍኖ የተወለደ ገበያ ነው። ከጣሊያን ወረራ በፊት የከተማው ትልቅ ገበያ በአራዳ፥ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበረ። በ1928 ዓ.ም. ከተማይቱን የያዘው የፋሽስት መንግሥት የኢጣሊያኖችን ሰፈር ከኢትዮጵያውያን ሰፈር ለመለየት ባወጣው ዕቅድ፥ ገበያውን ወደ ምዕራብ አዛወረው፤ በቋንቋውም «የአገሬው ገበያ» አለው። ስሙን ለሚሰማ ሰው ለአገሬው የተሰጠ ክብር ይመስላል፤ ነገሩ ግን ሰውን በቆዳው መልክ የሚለይ ሥርዓት ነበረ። በ1933 ዓ.ም. ነፃነት ሲመለስ ያ ሥርዓት ተሻረ፤ ገበያው ግን በዚያው ቀረ፤ ነጋዴውም በላቡ ከአፍሪካ ታላላቅ ገበያዎች አንዱ አደረገው። ዛሬ ታላቁ አንዋር መስጊድና የቅዱስ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን በጉርብትና ቆመው፥ በዙሪያቸው ሸማ ተራ፥ ጫማ ተራ፥ በርበሬ ተራ፥ ምን አለሽ ተራ እየተባለ በየዕቃው ዓይነት የተደለደለው ሕዝብ ይገበያያል። ከውጭ የመጣ ዕቃ ከዚህ ተነሥቶ ወደየክፍለ ሀገሩ ስለሚወርድ፥ በመርካቶ የሆነ ነገር በመርካቶ ብቻ አይቀርም።

በ2009 ዓ.ም. ክረምት በነጋዴውና በግብር ሰብሳቢው መካከል የሆነውን ማስታወስ ለዚህ ጉዳይ ይጠቅማል። በአዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት፥ የዓመት ሽያጫቸው ከ500,000 ብር በታች የሆነ ነጋዴዎች ደረጃ «ሐ» ተብለው፥ የሒሳብ መዝገብ ስለማይያዝባቸው ግብራቸውን በቁርጥ ይከፍሉ ነበር። የቁርጡ መነሻ የሆነው የቀን ገቢ ግምት ግን ለብዙ ዓመት ሳይታደስ ቆይቶ፥ በዚያ ዓመት በአንድ ጊዜ ታደሰ። በመካከሉ ብር ረክሷል፤ የዕቃም ዋጋ ወጥቷል፤ ስለዚህ አዲሱ ቁጥር ከአሮጌው እጅግ ርቆ ተገኘ። በሐምሌ ወር ግምቱ ለየባለ ሱቁ በተነገረ ጊዜ፥ በአምቦ፥ በወሊሶና በሌሎችም ከተሞች ሱቅ ተዘጋ፤ በአዲስ አበባም በአንዳንድ ሰፈሮች እንደዚሁ ሆነ። ከነጋዴዎቹም ብዙዎቹ የቀን ገቢ ግምት የተባለውን በየቀኑ የሚከፈል ግብር አድርገው ተረድተውት እንደ ነበረ በዚያን ጊዜ በሹማምንቱ ተነግሯል። ቁጥሩን የሚያስረዳ ቃል ከቁጥሩ በፊት ስላልደረሰ፥ ቁጣው ከማስተዋሉ ቀደመ።

ይህ ነገር በሚገባ ሲመረመር በሁለቱም ወገን የተሸፈነ እውነት ይገኝበታል። ግምቱን በየጊዜው ማደስ የነበረበት ክፍል ጩኸት እንዳይነሣ ሲል ዛሬን በነገ እያለፈ ኖረ፤ ይህም ርኅራኄ መሰለ። ነጋዴውም ሽያጩ ሲያድግ ግብሩ ሳይነካ በመቅረቱ ደስ ብሎት ዝም አለ፤ ይህም ሰላም መሰለ። ዳሩ ግን የተከማቸው ልዩነት ሁሉ በአንድ ክረምት በተጠየቀ ጊዜ፥ ርኅራኄ የመሰለው ጭካኔ፥ ሰላም የመሰለውም ጠብ ሆኖ ወጣ። ቀስ በቀስ ቢጨመር ኖሮ ሊሸከሙት የሚችሉት ሸክም፥ በአንድ ጊዜ ሲወርድ ትከሻ ይሰብራል። በኋላ ቅሬታ የሚሰማ ጉባኤ ተቋቁሞ የብዙዎች ግምት እንደ ገና ታየ፥ ተቀነሰላቸውም። ይህ የአቋም መለዘብ መልካም ነበረ፤ ነገር ግን ሱቅ ከተዘጋ በኋላ መምጣቱ ዋጋውን አሳንሶታል። አስቀድሞ የተሰማ አቤቱታ የዳኛው ጥበብ ይባላል፤ ከሁከት በኋላ የተሰማ አቤቱታ ግን የሁከቱ ፍሬ ተደርጎ ይቈጠራል፤ ሕዝቡም ከዚህ የሚማረው ትምህርት ክፉ ነው።

ከሰባት ዓመት በኋላ፥ በኅዳር 2017 ዓ.ም. ደግሞ በመርካቶ ብዙ ሱቆች ተዘግተው ታዩ። መነሻው የደረሰኝ ቁጥጥር መጥበቁ ነበረ። ደረሰኝ የሌለው ዕቃ ሊወረስ ነው የሚል ወሬ በገበያው ተናፈሰ፤ የአዲስ አበባ ገቢዎች ቢሮም ወሬው እውነት አለመሆኑን አስታወቀ። የቸርቻሪዎቹ አቤቱታ ግን በወሬው ማስተባበያ የሚያልቅ አልነበረም፤ አስመጪና ጅምላ ሻጭ ደረሰኝ ሳይሰጡን እኛ ከየት አምጥተን እንስጥ የሚል ነበረ።

ይህ አቤቱታ በሒሳብ ሲታይ ክብደቱ ይገለጣል። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የተጨማሪ እሴት ታክስ ከመቶ 15 ነው። በዚህ ታክስ የተመዘገበ አንድ ቸርቻሪ የ1,000 ብር ዕቃ በደረሰኝ ሲገዛ 150 ብር ታክስ ይከፍላል። ያንኑ ዕቃ በ1,200 ብር ሲሸጥ ከገዢው 180 ብር ታክስ ይቀበላል፤ በግዢው ጊዜ የከፈለውን 150 ብር ቀንሶም ለመንግሥት የሚያገባው 30 ብር ብቻ ይሆናል። ያለ ደረሰኝ የገዛው ግን የሚቀንስበት ማስረጃ ስለሌለው 180 ብሩን በሙሉ ማግባት አለበት። እንግዲህ ከላይ ያለው ነጋዴ ደረሰኝ በከለከለ ጊዜ፥ ከታች ያለው ወይ ሕግ ያፈርሳል፥ ወይ ትርፉን ያጣል። ተቆጣጣሪው ደግሞ በመንገድ ዳር የሚያገኘው ይህንኑ የታችኛውን ነው። የላይኛው በመጋዘን ውስጥ ነው፤ በሩም ለመንኳኳት ይከብዳል። ሕጉ ለሁሉ አንድ ሆኖ ሳለ፥ በአፈጻጸሙ ጊዜ በደካማው ላይ ብቻ የጠነከረ እንደሆነ፥ ጥንካሬው ጥንካሬ መባል አይገባውም።

ነጋዴውም ከዚህ ነገር ንጹሕ ነው ለማለት አይቻልም። ገዢ ወደ ሱቅ በገባ ጊዜ በደረሰኝ ነው ወይስ ያለ ደረሰኝ ተብሎ መጠየቁ፥ ለሁለቱም ሁለት ዋጋ መነገሩ፥ በገበያው ሁሉ የታወቀ ነው። ያለ ደረሰኝ የሚሸጠው ቅናሽ ይባላል፤ ቅናሹ ግን ከሻጩ ትርፍ የተቈረጠ ሳይሆን፥ ለመንገድና ለሐኪም ቤት ሊውል ከሚገባው ገንዘብ የተወሰደ ነው። እንደዚሁም በጥንት ጊዜ መማለጃ፥ በኋላ ጉቦ ይባል የነበረው ኃጢአት ዛሬ የሻይ መጠጫ ተብሎ ይጠራል። ስሙ በለዘበ መጠን ተቀባዩ አያፍርም፥ ሰጪውም አይፈራም። ሌብነት ስሙን ሲያሳምር ሰው ሁሉ ይለምደዋል፤ የተለመደ ሌብነትም በቅጣት ብቻ አይወገድም።

ስምን የማሳመር ልማድ በገበያ ብቻ የቀረ አይደለም፤ በጽሕፈት ቤትም ይገኛል። ዋጋ ሲጨመር የዋጋ ማስተካከያ ይባላል። ለከተማው ልማት ሲባል ቤቱ የፈረሰበት ሰው የልማት ተነሺ ይባላል። ከተማ መታደሱ፥ ጠባቡ መንገድ መስፋቱ፥ የጎሰቈለው ሰፈር መለወጡ ተገቢ ነው፤ ይህን የሚጠላ የለም። ነገር ግን ተነሺ የተባለው ሰው በገዛ ፈቃዱ ተነሥቶ እንደ ሄደ መንገደኛ አይደለም፤ ዕድሩን፥ ደንበኛውን፥ የልጆቹን ትምህርት ቤትና የዕለት እንጀራውን በአንድ ቀን የሚለቅ ነው። መዝገቡ ቤት ፈረሰ ብሎ ቢጽፍ፥ ጸሐፊው ቀጥሎ የፈረሰበትስ የት ገባ ብሎ እንዲጠይቅ ቃሉ ራሱ ያስገድደዋል። ተነሣ ብሎ የጻፈ እንደሆነ ግን ጥያቄው በዚያው ይቆማል። የለስላሳ ቃል ጉዳቱ ይህ ነው፤ የሚያታልለው ሰሚውን ብቻ ሳይሆን ጸሐፊውንም ጭምር ነው።

በገንዘብ ነገርም እንደዚሁ ነው። በኅዳር 1960 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ሐሮልድ ዊልሰን የፓውንድን ምንዛሪ ከ2.80 ዶላር ወደ 2.40 ዶላር ባወረዱ ጊዜ፥ በሕዝቡ ኪስና በባንክ ያለው ፓውንድ አልረከሰም ብለው በቴሌቪዥን አጽናኑ። ከውጭ አገር የሚመጣው ዕቃ መወደዱን ግን ሕዝቡ በገበያ አየው፤ ንግግሩም ለዘመናት መሳለቂያ ሆኖ ቀረ። የወሰዱት እርምጃ ተገቢ ነው የሚሉ ብዙዎች ነበሩ፤ ስማቸውን የጐዳው እርምጃውን ያለዘቡበት ቃል ነው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

በኢትዮጵያም በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፥ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ በፊት ለብዙ ጊዜ በባንክ አንድ ዋጋ፥ በጓሮ ገበያ ሌላ ዋጋ ሆኖ መኖሩ ሊቅም ደቂቅም የሚያውቀው ነበረ። መንግሥት በዚያው ጊዜ ለነዳጅ፥ ለማዳበሪያ፥ ለመድኃኒትና ለምግብ ዘይት ድጎማ እንደሚያደርግ ማስታወቁ፥ ሸክሙ ከባድ መሆኑን በሥራ ማመን ነበረ። እንዲህ ያለው ማመን ለሕዝቡ ከመቶ ማጽናኛ ቃል ይበልጥበታል። ለውጡ ማሻሻያ ቢባል ክፋት የለውም፤ ማሻሻያው ለማን ዛሬ እንደሚከብድ፥ ለማንስ ነገ እንደሚጠቅም አብሮ ቢነገር ግን ሰው ሸክሙን አውቆ ይሸከማል።

ከሁሉም የሚከፋው የረኃብ ስም የተሸፈነ እንደሆነ ነው። ከ1881 ዓ.ም. ጀምሮ ከብት በበሽታ አልቆ አገር በተራበ ጊዜ፥ ሕዝቡ ዘመኑን ክፉ ቀን አለው፤ ከዚህ የለዘበ ስም አልፈለገለትም። ዐፄ ምኒልክም በሬ ያለቀበት ገበሬ በዶማ መቆፈርን እንዳያፍር፥ ራሳቸው ዶማ ይዘው እንደ ቆፈሩ ታሪክ ጸሐፊዎች መዝግበዋል። መከራው በስሙ ስለ ተጠራ መድኃኒቱም ተፈለገ። በ1965 ዓ.ም. ግን በወሎ የደረሰው ረኃብ በሹማምንት ዝምታ ተሸፈነ። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያነሣው ፊልም ያልታወቀው ረኃብ በሚል ስም በእንግሊዝ ታየ፤ ረኃቡ ለዓለም ያልታወቀ ነበረ እንጂ ለሟቹስ የታወቀ ነበረ። ያው ፊልም መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ፤ በማግሥቱም ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። ንጉሡንና መንግሥታቸውን እናከብራለን እያሉ ክፉውን ወሬ ያለዘቡት ሰዎች፥ ሕዝቡንም ዙፋኑንም አላዳኑም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።

ክፉ ነገር በግልጥ ከተነገረ ሕዝብ ይሸበራል፥ ጠላትም ደስ ይለዋል የሚሉ አሉ። አሳባቸው የሚናቅ አይደለም፤ ሐኪምም ለታመመ ሰው ሁሉን በአንድ ቃል አያወርድበትም። ነገር ግን ሐኪም አነጋገሩን ያለዝባል እንጂ የበሽታውን ስም ለውጦ በመዝገብ አይጽፍም፤ ቢጽፍ የሚሰጠው መድኃኒት የሌላ በሽታ ይሆናል። ደግሞም ሕዝብ የሚሸበረው እውነቱን ከሹሙ ሲሰማ ሳይሆን፥ ከሹሙ ያጣውን ከወሬኛ ሲሰማ መሆኑን የኅዳር 2017ቱ የመርካቶ ነገር አስረድቷል። ባዶ ቦታ ሲገኝ ወሬ ይሰፍርበታል።

ከዚያው ከሱቆቹ መዘጋት አንድ ወር ገደማ በፊት፥ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ በሸማ ተራ የተነሣው የእሳት ቃጠሎ ለዚህ ሌላ ምሳሌ ነው። የብዙ ሰው ጥሪት በአንድ ሌሊት ሲነድድ፥ የእሳት አደጋ መኪናዎች በመንገዱ መጥበብ የተነሣ እንደ ልብ መግባት አልተቻላቸውም። መንገዱ ጠባብ መሆኑ፥ ሱቅ በሱቅ ላይ መደራረቡ፥ ጨርቅና ፕላስቲክ ባንድ ላይ መከማቸቱ በዚያ ሌሊት የተገኘ አዲስ ነገር አልነበረም፤ ነጋዴውም፥ ሹሙም፥ ተሸካሚውም በየቀኑ ይመላለስበት ነበረ። መጨናነቁ የመርካቶ ድምቀት እየተባለ መኖሩ ግን አደጋነቱን ከዓይን ሰወረው። እሳት የለስላሳ ስም አያውቅም።

እንግዲህ በዚህ ጉዳይ ለእያንዳንዱ ወገን የሚገባ ሥራ አለ። ሹም የሆነ ሰው ሕግ ሲያወጣ ቁጥሩንና ምክንያቱን በገበያ ቋንቋ አስቀድሞ ይንገር፤ ግምትንና ታሪፍን በየጊዜው በጥቂቱ ያድስ፤ ቁጥጥሩን ከአስመጪውና ከጅምላ ሻጩ መጋዘን ይጀምር፤ አቤቱታ የሚሰማበትን ቀን ሱቅ ከመዘጋቱ በፊት ያድርገው። ያንጊዜ አቋሙን ቢያለዝብ ድካም አይባልበትም። ነጋዴውም ሱቅ መዝጋትን የመጨረሻ እንጂ የመጀመሪያ ቃሉ አያድርገው፤ ሱቅ በተዘጋ ቁጥር አስቀድሞ የሚራበው የቀን ሠራተኛውና ተሸካሚው ነውና። ቅናሽ የሚለውንም ቃል በሚገባው ስሙ ይጥራው።

ካህናትና ሽማግሎች ደግሞ በሁለቱ መካከል የቆሙ ናቸው። የእነርሱ ቃል በሹሙ ቤትም በነጋዴው ቤትም ስለሚሰማ፥ ለማስታረቅ ብለው ጥፋትን አያሳንሱ፤ ለመገሠጽም ብለው እልክን አያባብሱ። በመርካቶ ደወሉና አዛኑ በአንድ ሰማይ ሥር ሲሰሙ፥ ከደወሉም ከአዛኑም በኋላ ሚዛን እንዳይጎድል፥ ምስክር እንዳያብል፥ ደካማ እንዳይገፋ የሚነገረው ምክር አንድ ነው። ይህ ምክር ነገሩን በስሙ የጠራ እንደሆነ፥ ለገበያው ሰላም ከብዙ ተቆጣጣሪ ይልቅ ይጠቅማል።

አገር የሚጸናው ሰዎቿ ሁሉ አንድ አሳብ ስላላቸው አይደለም፤ እንዲህ ያለ አገር በዓለም ላይ አልታየም። የሚጸናው የሚከራከሩት ሰዎች ስለ ምን እንደሚከራከሩ በአንድ ስም ሲግባቡ ነው። ረኃቡን ረኃብ፥ ጉቦውን ጉቦ፥ የፈረሰውን ፈረሰ ብለው ከተስማሙ በኋላ፥ ስለ መድኃኒቱ ቢለያዩ ሁለቱም ጥቂት ጥቂት ለዝበው በመካከል ይገናኛሉ። ስሙን ካልተስማሙ ግን የሚለዝቡበት መካከል የላቸውም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ የሚሻለው ግን ንጋቱ ሳይመጣ፥ ሰው ገና በፈቃዱ ሊለዝብ በሚችልበት ሰዓት እውነቱን መናገር ነው።